አባቴ ያመጣውን አምፕሊፋየር ላሻሽለው ወይስ የተሻለ ልግዛ?

ጥያቄ፦ «ዕድሜዬ 29 ነው። ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው። አባቴ በ1981 ዓ.ም. ከጅቡቲ ያመጣው ቴክኒክስ አምፕሊፋየር አለኝ። በአንድ ጎን 60 ዋት ነው ይላል። ስፒከሮቹም የዚያን ጊዜ ናቸው፤ ትልልቅ ሣጥኖች ሆነው እያንዳንዳቸው ሦስት ሦስት ስፒከር አላቸው። ቡፌው ላይ ነው ያስቀመጥኳቸው። ሳሎኑ 4 በ4 ነው፣ ወለሉ ሴራሚክ ነው። የድሮ ዘፈን በስልኬ ከፍቼ በብሉቱዝ አዳምጣለሁ። ድምፁ ግን የታፈነ ነው። ባሱ ሶፋው ጋ ይጮሃል፣ በሩ ጋ ይጠፋል። ቮልዩሙን ሳዞር ይንኮሻኮሻል፤ ዘፈን ሳልከፍትም እምምም ይላል። የሰፈር ቴክኒሺያን ‹ካፓሲተሮቹን በትልቅ፣ አይሲዎቹን በዘመናዊ፣ ትራንዚስተሮቹን በጠንካራ ልቀይርልህ፤ 200 ዋት ይወጣዋል› ብሎ 28 ሺህ ብር ጠየቀኝ። ጓደኛዬ ደግሞ ‹ሽጠውና ጨምረህ ከፍ ያለ ሞዴል ግዛ› ይለኛል። የትኛው ያዋጣኛል?»

መልስ፦ አሁን ሁለቱንም አታድርግ። 28 ሺህ ብሩን ለማሻሻያ አታውጣ፣ አምፕሊፋየሩንም አትሽጥ።

የዘረዘርከው ችግር ሁለት ዓይነት ነው። መንኮሻኮሹና እምምታው የዕቃው በሽታ ናቸው፤ የሚያስፈልጋቸው ጥገና ነው። የታፈነው ድምፅና ቦታ የሚመርጠው ባስ ግን፣ ከነገርከኝ ምልክት ስነሳ፣ ከስፒከሮቹና ከሳሎኑ የመጡ ናቸው። ቴክኒሺያኑ ለበሽታው ማሻሻያ አዘዘልህ። ጓደኛህ ደግሞ የሳሎኑን ችግር በአዲስ አምፕሊፋየር ሊፈታ ነው። ከፍ ያለው ሞዴል ተገዝቶ መጥቶ እነዚያው ስፒከሮች ቡፌው ላይ እንዳሉ ቢቀጠሉለት፣ ባሱ ሶፋው ጋ መጮሁን፣ በሩ ጋ መጥፋቱን አይተውም።

ከበሽታው ልጀምር። የቮልዩም ቁልፉ ውስጥ ካርቦን የተቀባ ቀለበት አለ። በላዩ ላይ ቀጭን የብረት ጥርስ ይንሸራተታል። ከ35 ዓመት በላይ ሲሽከረከር ካርቦኑ ይፋቃል፣ አቧራ ይገባበታል። የናንተ ሰፈር ግንባታው ገና አላባራም፤ መስኮት ዘግተህም አቧራው ቡፌው ላይ ሲያርፍ ታየዋለህ። መንኮሻኮሹ ከዚህ ነው የሚመጣው። መፍትሔው ለኤሌክትሮኒክስ የተሠራ የኮንታክት ማጽጃ ስፕሬይ ነው። ቴክኒሺያኑ ከውስጥ በኩል ቁልፉ ሥር ባለችው ቀዳዳ ትንሽ ይነፋበታል፣ ከዚያ ቁልፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ ደጋግሞ ይዞራል፣ እስኪደርቅ ይጠበቃል። ለመኪና ብሎን ማላቀቂያ የሚሸጠው ዘይታማ ስፕሬይ አይሆንም። ለሳምንት ዝም ያሰኘዋል፤ ከዚያ ዘይቱ አቧራ ይሰበስብና ይብሳል። ካጸዱትም በኋላ ካልተስተካከለ ቁልፉ ራሱ ይቀየራል። ርካሽ ዕቃ ነው።

አንዱ ጎን አልፎ አልፎ የሚጠፋ ከሆነ ደግሞ ሪሌዩ ይታይ። አምፕሊፋየሩን ስታበራ ከጥቂት ሰከንድ በኋላ «ጠቅ» የሚለው እሱ ነው። የመገናኛ ነጥቦቹ ሲጠቁሩ ድምፅ በደንብ አያሳልፉም። ምልክቱ ግልጽ ነው፦ ድምፁን በጣም ከፍ ስታደርገው የጠፋው ጎን ይመለሳል።

እምምታው ትንሽ ምርመራ ይፈልጋል። ይህን ክዳኑን ሳትፈታ ራስህ ልትሠራው ትችላለህ። ከጀርባው ከስፒከር ሽቦ በቀር ሁሉንም ንቀል፤ የብሉቱዝ መቀበያውን፣ የዲሹን፣ የቴሌቪዥኑን ገመድ። ከዚያ አምፕሊፋየሩን ብቻ አብራ። እምምታው ከጠፋ አምፕሊፋየሩ ጤነኛ ነው፤ ጥፋቱ ከውጭ የሚመጣ ነው። ብዙ ጊዜ የብሉቱዝ መቀበያው ርካሽ ቻርጀር ነው። ወይም የዲሹ ገመድና ሌላ መሣሪያ በሁለት አቅጣጫ በግራውንድ (በመሬት መስመር) ሲገናኙ የሚፈጠር ነው። እምምታው ካልጠፋ ቮልዩሙን አዙረው። ቮልዩሙ ሲጨምር እሱም ከጨመረ ችግሩ ከቮልዩም ቁልፉ በፊት ባለው ክፍል ነው። ሳይጨምር ሳይቀንስ ባለበት ከቀጠለ ዋናው የኃይል ክፍል ነው፣ ያኔ ካፓሲተሮቹ፣ ማለትም ኤሌክትሪክ አጠራቅመው የሚያስተካክሉት ዕቃዎች፣ ይጠረጠራሉ። የኛ መብራት 50 ኸርዝ ነው። ካፓሲተር ሲደክም የሚሰማው ግን የእጥፉ፣ የ100 ኸርዝ ድምፅ ነው፤ ከግራውንዱ እምምታ ቀጠን ብሎ ሸካራ ነው። ልምድ ያለው ሰው በጆሮው ይለየዋል።

አደራ፣ እምምታውን ለማጥፋት ብለህ የሶኬቱን ግራውንድ እንዳትቆርጥ። እንዲህ የሚያደርግ ሰው ብዙ ነው። አንድ ቀን ትራንስፎርመሩ ወደ ቆርቆሮው ኤሌክትሪክ ቢያፈስ፣ ቆርቆሮውን የሚነካው አንተ ወይም ልጅህ ነው።

ካፓሲተር ያረጃል የሚለው እውነት ነው። ውስጡ ፈሳሽ አለ፣ በሙቀት ይደርቃል። ብዙዎቹ «በ85 ዲግሪ 2,000 ሰዓት» ተብለው የሚሠሩ ናቸው። ሙቀቱ በየ10 ዲግሪው በቀነሰ ቁጥር ዕድሜው በእጥፍ ገደማ ይረዝማል። ለዚህ ነው አንዳንዱ ቀዝቀዝ ብሎ ሲሠራ የኖረ 35 ዓመት የሚቆየው፣ ሙቀት ማስወገጃ ብረቱ አጠገብ የተተከለው ደግሞ ቀድሞ የሚሞተው። ስለዚህ «ሁሉንም ልቀይር» ከማለት በፊት መለካት ይቀድማል። ጥሩ ቴክኒሺያን ኢኤስአር (የካፓሲተሩን የውስጥ ተቃውሞ) የሚለካ መሣሪያ አለው፤ የደከመውን ለይቶ ይነግርሃል። አናቱ ያበጠ፣ ሥሩ ላይ ቡናማ ፈሳሽ ያዘለ ካለማ ሳይለካም ይቀየር። አዲሱ ቢያንስ የቀድሞው ያህል ቮልት የሚችልና 105 ዲግሪ የሚል ይሁን።

አሁን ወደ 200 ዋቱ። ይህ ሥራ ባይሠራ ይሻላል ብዬ አላልፈውም። በዚህ መንገድ ጨርሶ አይሠራም።

የአምፕሊፋየር ኃይል የሚወሰነው በዋናነት በትራንስፎርመሩና ከእሱ በሚወጣው ቮልቴጅ ነው። ትራንዚስተሩ የሚያሳልፈው የተሰጠውን ነው። ሮቶው ሳይለወጥ ቧንቧውን ብታሰፋው ውስጡ ካለው ውሃ በላይ አይወጣም። በቁጥር ላሳይህ። በ8 ኦም ስፒከር (ኦም የኤሌክትሪክ ተቃውሞ መለኪያ ነው) 60 ዋት ለማውጣት የቮልቴጁ ጫፍ 31 ቮልት ገደማ መድረስ አለበት። ለ200 ዋት ደግሞ 57 ቮልት ገደማ ያስፈልጋል። ትራንስፎርመሩ ያንን አይሰጥም። ልስጥ ቢል እንኳ ውስጥ ያሉት ካፓሲተሮችና ትራንዚስተሮች ለዚያ አልተሠሩም፤ ይፈነዳሉ። ትራንስፎርመሩን፣ ካፓሲተሮቹን፣ ትራንዚስተሮቹን፣ የሙቀት ብረቱን ሁሉ ከቀየርክ ደግሞ ሌላ አምፕሊፋየር ሠራህ ማለት ነው፤ ከቴክኒክሱ የሚተርፍህ ፊቱ ብቻ ነው።

እሺ፣ በተአምር 200 ዋት ወጣው እንበል። ከ60 ወደ 200 መሄድ በድምፅ መለኪያው በዴሲቤል 5 ገደማ ብቻ ነው። ጆሮ «እጥፍ ጮኸ» የሚለው በ10 ዴሲቤል ጭማሪ ነው፣ ለዚያ አሥር እጥፍ ዋት ያስፈልጋል፤ ማለትም 600። አንተ ደግሞ 4 በ4 ሳሎን ውስጥ፣ ግድግዳ የሚጋራህ ጎረቤት እያለ፣ በአማካይ የምትጠቀመው ከአንድ ሁለት ዋት አይዘልም። ከበሮው ሲመታ ለቅጽበት ይዘላል፣ ለዚያ 60ው ይበቃል፤ ይተርፋልም። የኃይል እጥረት የለብህም።

ትልልቅ ካፓሲተር የሚለውም ሐሳብ እንዲሁ ነው። ከቀድሞው ትንሽ ከፍ ያለ ቢገባ ጉዳት የለውም። 10,000 ማይክሮፋራድ ወጥቶ 22,000 ሲገባ ግን፣ አምፕሊፋየሩን ባበራህ ቁጥር ባዶዎቹን ለመሙላት የሚሮጠው ከረንት ዳዮዶቹን ይመታል፣ ፊውዝ ሊያቃጥል ይችላል። መብራት በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ሄዶ በሚመጣበት ሰፈር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የተቃጠለውን ፊውዝ በሽቦ ከተኩልህማ እሳት ነው።

አይሲ፣ ማለትም ትንሿን ጥቁር ቺፕ፣ መቀየር ይበልጥ ያታልላል፤ ምክንያቱም ቀላል ይመስላል። በዚያ ዘመን ጃፓን ሠራሽ ዕቃዎች ውስጥ 4558 የሚባለው በብዛት ይገኛል። በ5532 ቢቀየር በወረቀት ላይ ይሻላል፤ የሚጠጣው ከረንት ግን ከእጥፍ ይበልጣል፣ ቦርዱ ይችላል ወይ ተብሎ መታየት አለበት። ከዚያ የፈጠኑት ዘመናዊዎቹ ደግሞ ለነሱ ባልተነደፈ ቦርድ ላይ ሲተከሉ ጆሮ በማይሰማው ድግግሞሽ መንቀጥቀጥ ሊጀምሩ ይችላሉ። አንተ የምታውቀው ትንሿ ስፒከር፣ ትዊተሯ፣ ስትቃጠል ወይም አምፕሊፋየሩ ያለምክንያት ሲግል ነው። በዚያ ላይ ገበያው በአስመስሎ ሥራ ተሞልቷል። ርካሹን አይሲ በአልኮል ስታሽገው ጽሑፉ ከተነሳ ወይም ከሥሩ ሌላ ፊደል ብቅ ካለ፣ የሌላ አይሲ ቆዳ ተፍቆ የታተመበት ነው።

«ግን እኮ እከሌ ቀይሮ ድምፁ ተለወጠ ይላል» ትለኝ ይሆናል። ገንዘብ ያወጣ ሰው ለውጥ ይሰማል፤ ተፈጥሮ ነው። ለመፈተን ቀላል መንገድ አለ። የተቀየረበትንና ያልተቀየረበትን በትክክል በእኩል ድምፅ አስተካክል፣ በሚሊቮልት መለኪያ እንጂ በጆሮ አይደለም፤ ትንሽ የጮኸው ሁልጊዜ የተሻለ ይመስላል። ከዚያ ወንድምህ ሳያሳይህ ይቀያይርልህ። የትኛው እየተጫወተ እንደሆነ ደጋግመህ ለይተህ ከነገርከው ልዩነቱ አለ። ጤነኛ በሆኑ አይሲዎች መካከል ይህን ፈተና የሚያልፍ ሰው ስንት እንደሚሆን ስትሞክረው ታየዋለህ።

እንግዲህ ድምፁ ለምን ታፈነ? መጀመሪያ የስፒከሮቹን የጨርቅ ሽፋን አውልቅ። ከሦስቱ ትንሿ፣ ከላይ ያለችው ትዊተር ናት። ድምፁን ዝቅ አድርገህ ጆሮህን አስጠጋላት። ጸናጽሉ፣ የዘፋኙ «ሰ»ና «ሸ» ከዚያ መውጣት አለበት። ዝም ካለች ወይም የአንዱ ሣጥን ከሌላው ካነሰ መልሱን አገኘህ። ትዊተሯ ተቃጥላለች፣ ወይም ሣጥኑ ውስጥ ድምፁን ለሦስቱ የሚያከፋፍለው ቦርድ ላይ ያለው ካፓሲተር ደርቋል። ፊት ለፊት የትሬብል ማስተካከያ ቁልፍ ካላቸው እሱም ይዝጋል፤ ወዲያና ወዲህ ደጋግመህ አዙረው።

ቀጥሎ ትልቁን ስፒከር ተመልከት። ዙሪያውን የያዘው ቀለበት ጎማ ወይም ጨርቅ ከሆነ ዕድለኛ ነህ። ስፖንጅ ከሆነ በጣትህ ጫፍ ቀስ ብለህ ነካው። ጤነኛው ይታጠፍና ይመለሳል። ያረጀው ይፈረፈራል፤ ጣትህ ላይ የሚያጣብቅ ጥቁር ዱቄት ይቀራል። ስፖንጅ በአሥራ አምስት በሃያ ዓመት እንዲህ ይሆናል፣ ሳይጫወት ቁምሳጥን ላይ ቢቀመጥም። ከዚያ የሁለቱን እጅ ጣቶች ዘርግተህ ወረቀቱን እኩል ወደ ውስጥ ግፋው። ዝም ብሎ ገብቶ ከተመለሰ መልካም ነው። «ቅርር» የሚል ፍትጊያ ከሰማህ ውስጡ ያለው የሽቦ ጥቅል ማግኔቱን እየነካ ነው።

ማሻሻል የሚለው ቃል እውነተኛ ዋጋ የሚያገኘው እዚህ ጋ ነው። ቀለበቱን ማስቀየርና የደረቁትን ካፓሲተሮች መተካት ስፒከሩን ወደ ተሠራበት ቀን ይመልሰዋል። ለውጡን ለመስማት ፈተና አያስፈልግህም፤ ከኩሽና ሆነህ ትሰማዋለህ። ሁለት ነገር ተጠንቀቅ። ካፓሲተሩ ላይ የተጻፈው ቁጥር፣ 4.7 ማይክሮፋራድ ካለ 4.7፣ ሳይለወጥ ይተካ፤ ፖዘቲቭ ኔጌቲቭ የሌለው ዓይነትም ይሁን። «ከፍ ያለ ቁጥር ይሻላል» የሚልህን አትስማ። ቁጥሩ ሲጨምር ትዊተሯ ልትሸከመው የማይገባት ድምፅ ይመጣባታል። ሁለተኛ፣ ትልቁን ስፒከር አውጥተው የመኪና ስፒከር እንዳይተኩልህ። መርካቶ ሞልቷል፣ ባሱም ይመታል። ግን የመኪናው አብዛኛውን ጊዜ 4 ኦም ነው፤ ለ8 ኦም የተሠራ አምፕሊፋየር ላይ ሲቀጠል የሚስበው ከረንት በእጥፍ ያድግና ያግለዋል። ሣጥኑም ለእሱ ልክ የተሠራ አይደለም።

ባሱ ሶፋው ጋ መጮሁ፣ በሩ ጋ መጥፋቱ ደግሞ የሳሎንህ ሥራ ነው። ድምፅ ከግድግዳ ወደ ግድግዳ ሲመላለስ በክፍሉ ርዝመት ልክ የሚያብጥ ድግግሞሽ አለ። ለ4 ሜትር 43 ኸርዝ ገደማ ነው። ያንተ ሳሎን አራቱም ጎኑ እኩል ስለሆነ ርዝመቱም ወርዱም በአንድ ድግግሞሽ ላይ ይገናኛሉ። ለባስ ከክፉዎቹ ቅርጾች አንዱ ይህ ነው። በአብዛኛው ግድግዳው ጋ ባሱ ይከማቻል፣ መሐል ላይ ይጠፋል፤ የርዝመቱና የወርዱ ሲደራረቡ ግን እንደ በርህ ግድግዳው ጋም የሚጠፋበት ቦታ ይኖራል። ሶፋህ ግድግዳ ተጠግቶ ነው አይደል? ነው ብዬ ልወራረድ። ምንም ዓይነት አምፕሊፋየር ይህን አይለውጠውም።

ስፒከሮቹን ከቡፌው አውርዳቸው። ቡፌው ራሱ አብሮ ይንቀጠቀጣል፤ ብርጭቆዎቹ ሲንጫረሩ ሰምተህ ታውቃለህ። አንተ ስትቀመጥ ትዊተሯ ከጆሮህ ትክክል እንድትሆን ዱካ ነገር ወይም በብረት ቤት የተሠራ አጭር መቆሚያ ሥራላቸው። ከኋላቸው ግድግዳ ቢያንስ ግማሽ ሜትር ይራቁ፣ ከማዕዘን ይውጡ። በመካከላቸው ያለው ርቀትና ከአንተ ያላቸው ርቀት ተቀራራቢ ይሁን። ሶፋውን ከግድግዳው ሠላሳ አርባ ሳንቲሜትር ሳበው። ባለቤትህ ወይም እናትህ ቤት ካሉ መጀመሪያ የሚሟገቱህ በዚህ ነው፤ ቢሆንም ቅዳሜ ጠዋት ሞክረውና ድምፁን አስማቸው።

ሴራሚኩ ላይ ወፈር ያለ ምንጣፍ አንጥፍ፣ በተለይ በስፒከሮቹና በሶፋው መካከል። መስኮቱ ላይ ከስሱ መጋረጃ በተጨማሪ ከባዱን ጣልበት። ይህ ሹል ድምፁንና ማስተጋባቱን ይቀንሳል፤ ባሱን ግን አይነካውም። የእንቁላል ትሪ ግድግዳ ላይ መለጠፍ ጥቅም የለውም። ወረቀቱ ስስ ነው፣ ትንሽ ከላይ ከላዩን ይወስዳል እንጂ ሌላ አይሠራም፤ እሳት ደግሞ ይወዳል።

ከስልክህ ስለሚመጣውም አንድ ነገር ልበል። የድሮ ዘፈን እወዳለሁ ብለሃል። የሸክላ አሳታሚው አምሃ ሬከርድስ እ.ኤ.አ. በ1969 ከተመሠረተ በኋላ የወጡት ሸክላዎች በጥሩ ሁኔታ ከተገለበጡ ዛሬም ነፍስ አላቸው። ስልክህ ላይ ያለው ግን ምናልባት ካሴት ከካሴት ተቀድቶ፣ ያ ደግሞ ወደ ኤምፒ3 ተጨምቆ፣ ከኢንተርኔት የወረደው ነው። ትሬብሉ በመንገድ ቀርቷል። 200 ዋትም ሆነ አዲስ ሞዴል ፋይሉ ውስጥ የሌለውን አያወጣም። አምፕሊፋየሩን ከመውቀስህ በፊት በጥራት የተቀረጸ አንድ ሲዲ ወይም ንጹሕ ፋይል በሽቦ አጫውተህ ስማ። በብሉቱዝ ታፍኖ በሽቦ ከጠራ ጥፋተኛው ርካሹ መቀበያ ነው፣ መፍትሔውም የኤዩኤክስ ሽቦ ነው። የስፒከር ሽቦ ላይ ደግሞ ገንዘብ አታባክን። የሶኬት መስመር የሚዘረጋበት ባለ 2.5 መዳብ ሽቦ በአምስት ሜትር ርቀት ላይ የሚያጠፋው ከ0.1 ኦም በታች ነው። ለ8 ኦም ስፒከር ይህ ምንም ማለት ነው።

መግዛት የሚያዋጣበት ጊዜ አለ። ትራንስፎርመሩ ከተቃጠለ፣ ወይም የኃይል ክፍሉ ኤስቲኬ በሚባል ትልቅ ጥቁር ሞጁል የተሠራ ሆኖ እሱ ከሞተ፣ በቃ። ሞጁሎቹን ሳንዮ ነበር የሚሠራቸው፣ የድሮዎቹ ከቆሙ ቆይተዋል። ገበያ ላይ «ኦሪጅናል» ተብሎ የሚሸጠው አብዛኛው አስመስሎ ነው፤ ሳምንት ሠርቶ ሲሞት ስፒከሩን ይዞ ይሄዳል። ምናለሽ ተራ ከሌላ ዕቃ የተነቀለ እውነተኛ ልታገኝ ትችላለህ፣ ግን ዕድል ነው። ሌላው ምክንያት አዲስ ነገር የምትፈልግ ከሆነ ነው፤ ሪሞት፣ ኤችዲኤምአይ፣ የመሳሰለው። ለዚያ ብለህ ግዛ፣ ድምፅ ይሻላል ብለህ ግን አይደለም። በአንድ ኩባንያ ዝርዝር ውስጥ አንድ ደረጃ ከፍ ማለት ብዙ ጊዜ የሚጨምርልህ ቁልፍና ዋት ነው። የብር ምንዛሪ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ኤሌክትሮኒክስ የት እንደደረሰ ታውቃለህ። ያለህን ጤነኛ ብረት በርካሽ ሸጠህ ተመሳሳዩን በውድ መመለስ ነው የሚሆነው።

ከገዛህ የፊቱን ጽሑፍ አትመን። «3000 ዋት ፒኤምፒኦ» (ለማስታወቂያ የተጋነነ የቅጽበት ኃይል ነው) የሚል ካርቶን ስታይ ዕቃውን ገልብጥና ከመብራት ስንት ዋት እንደሚወስድ የተጻፈውን አንብብ። 60 ዋት የሚወስድ ዕቃ 3000 አያወጣም። ከአሜሪካ በዘመድ የመጣ ከሆነ 120 ቮልት ነው፤ ከጃፓን ከሆነ 100። ጀርባው ላይ የቮልቴጅ መምረጫ ካለ ሳትሰካው በፊት የት እንደቆመ እይ። ያንተም ቴክኒክስ ይኖረው ይሆናል፣ ማንም እንዳይነካካው።

ስለ መብራታችሁ። ማታ ሁሉም ምጣድ ሲጥድ ቮልቴጁ ይወርዳል፣ መብራት ሲመለስ ደግሞ ይዘላል። አምፕሊፋየሩን ከፍሪጁ ጋር አንድ ዲቫይደር ላይ አትሰካው። መብራት ሲሄድ ንቀለው፣ ከተመለሰ ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሰካ። አቅሙ ካለህ ስታቢላይዘር ጥሩ ነው። ሌላም አለ። የአዲስ አበባ አየር ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ስለሆነ ሙቀት የመውሰድ አቅሙ ያንሳል። አንዳንድ የቻይና ዕቃ ጀርባ ላይ ተራራ የተሳለበት «2000 ሜትር» የሚል ምልክት የምታየው ከከፍታ ጋር በተያያዘ ነው፣ እኛ ደግሞ ከዚያ በላይ ነን። ስለዚህ ከላዩ ላይ አሥር ሳንቲሜትር ክፍት ቦታ ተውለት። የለበሰውን ዳንቴልም አንሳለት። ያምራል፣ አውቃለሁ፤ ግን የሙቀት መውጫውን ይደፍነዋል።

እንግዲህ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። በዚህ ሳምንት ገንዘብ ሳታወጣ ስፒከሮቹን አውርድ፣ ሶፋውን ሳብ፣ በሽቦ አዳምጥ፣ እምምታውን መርምር። ቀጥሎ አምፕሊፋየሩን ለጥገና ብቻ ስጥ፤ ማጽዳት፣ የደከሙ ካፓሲተሮችን መተካት፣ የተለቀቁ ሶልደሮችን ማደስ፣ የባያስ ከረንቱን (ትራንዚስተሮቹ ድምፅ ሳይኖርም የሚያሳልፉትን) ማስተካከል። ከዚያ ስፒከሮቹን አስጠግን። ከ28 ሺው የሚተርፍህን አስቀምጥ። ከዓመት በኋላም ያልረካህ እንደሆነ ስፒከር ግዛበት፤ በድምፅ ላይ ከምታወጣው ሁለት ሦስተኛው ወደ ስፒከር ቢሄድ አይቆጭህም።

ክዳኑን ራስህ እንዳትፈታው። ከተነቀለ በኋላም ትልልቆቹ ካፓሲተሮች ቻርጅ ይዘው ይቆያሉ፤ አጥብቀው ይመታሉ፣ መፍቻ ከነካቸው ብልጭታው ዓይን ውስጥ ይገባል።

ለቴክኒሺያኑ ሦስት ነገር ጠይቀው። ያወጣቸውን አሮጌ ዕቃዎች በሙሉ በላስቲክ ይመልስልህ። ሲጨርስ መጀመሪያ የሚያበራው ከባለ ክሩ አምፖል ጋር በተከታታይ አያይዞ ይሁን፤ ጥፋት ካለ አምፖሉ ይበራል እንጂ አምፕሊፋየሩ አይቃጠልም። ስፒከር ሳይቀጠል ከስፒከር መውጫው የሚለካው የዲሲ (አቅጣጫውን የማይቀያይር) ቮልቴጅ ስንት እንደሆነ በፊትህ ያሳይህ፤ ከ50 ሚሊቮልት በታች መሆን አለበት። እነዚህን ሲሰማ ፊቱ ከበራ ሰውህን አግኝተሃል። «ይሄ ሁሉ ምን ያደርጋል፣ 200 ዋት አወጣልሃለሁ» እያለ ሙጭጭ ካለ አምፕሊፋየሩን ተቀብለህ ወደ ሌላ ሰው ውሰደው።